ከአምባራስ ረግረግ እስከ ቤተ ሙከራ፡- የደለል ጋዝና አሲድ እንዴት ይለካል?

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይላሉ አባቶች። ይህ አባባል ለጋዜጠኛ የተነገረ ይመስላል። ውድ የቡለቲናችን አንባቢያን፣ ርዕሱን አይታችሁ «ይሄ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ጽሑፍ ነው፤ እኛ ጋ ምን አመጣው?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አጭር ነው። እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ ከታየ ወዲህ፣ በተከዜና በዓባይ ላይ ግድቦች ከተሠሩ ወዲህ፣ ስለ ውሃ የሚጻፍ ዜና ቁጥር ይበዛበታል። ይህን ያህል ሚቴን፣ ይህን ያህል አሲድ፣ ይህን ያህል ብክለት ይባላል። እኛ ደግሞ ቁጥር ስናይ ዝም ብለን መገልበጥ ይቀናናል። ባለሥልጣን ሲናገር «መቼ? የት? ማን አየ?» ብለን እንጠይቃለን፤ ቁጥር ሲናገር ግን አፋችን ይያዛል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከሐይቅ፣ ከግድብ ወይም ከረግረግ ሥር የሚወጣ ደለል ውስጥ ያለው ጋዝና ኦርጋኒክ አሲድ ክሮማቶግራፊ በሚባለው ዘዴ እንዴት እንደሚለካ በቀላል አማርኛ ማስረዳት ነው። ዋናውን ሐሳብ ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ቁጥሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ውድ በሆነው ማሽን ውስጥ አይደለም፤ ጭቃው ከውሃው በወጣባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ነው። ስለዚህ ጋዜጠኛው ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ማሽኑ ብቻ ሳይሆን ስለ ጭቃው ጉዞም ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን አምባራስን እንውሰድ። አምባራስ ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበር በኩል ወደ ጨነቅ በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ፣ በሰሜን ተራሮች ውስጥ የሚገኝ፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደጋ ነው። በእንዲህ ያለ ደጋ፣ በጓሳና በጅብራ መካከል ውሃ የሚያቁር አንድ ረግረግ እናስብ። ከሰሜን ተራሮች የሚወርደው ውሃና አፈር ወደ ተከዜ ነው የሚሄደው፤ በተከዜ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረ፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ አለ። እንግዲህ ከዚህ ተጠርጎ የሚወርድ አፈር ከታች ደለል ሆኖ ይተኛል ማለት ነው። የምናወራው ስለ ሩቅ አገር ጭቃ አይደለም።

ጭቃው ውስጥ ምን እየተካሄደ ነው?

ይህን ለመረዳት ወደ ማድ ቤት ጎራ እንበል። እናቶቻችን ጤፍ በእርሾ ሲያቦኩ በሊጡ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ስኳሩን እየበሉ ሁለት ነገር ያወጣሉ። አንዱ ጋዝ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይባላል። ሊጡን ኩፍ የሚያደርገው፣ በምጣዱም ላይ እንጀራውን ዓይናም የሚያደርገው እሱ ነው። ሌላው አሲድ ነው፤ በተለይ ላክቲክ አሲድና አሴቲክ አሲድ። ሊጡ የሚኮመጥጠው በነሱ ነው።

ረግረግና ሐይቅ ሥር ያለው ደለልም እንዲሁ «የቦካ» ነው። የሞተ ሣር፣ ቅጠል፣ እበት፣ የውሃ ላይ አረንጓዴ ሁሉ ከታች ይከማቻል። ኦክስጅን ከላይ ባሉት ጥቂት ሚሊ ሜትሮች ውስጥ ተበልቶ ያልቃል። ከዚያ በታች ያሉት ተሕዋስያን ያለ አየር ይሠራሉ። መጀመሪያ ትልልቁን ነገር ይሰባብሩና እንደ አሴቲክ፣ ፕሮፒዮኒክ፣ ቡቲሪክና ላክቲክ ያሉ አሲዶችን፣ ከነሱም ጋር ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያወጣሉ። ከነሱ በኋላ ሚቴን ፈጣሪዎቹ ይመጣሉ። እነዚህ አሴቲክ አሲዱን ከፍለው ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያደርጉታል፤ ወይም ሃይድሮጅኑን ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጋር አዋሕደው ሚቴን ይሠራሉ። በየገጠሩ የባዮጋዝ ጉድጓድ ውስጥ ከእበት የሚወጣው፣ ምድጃ የሚያቀጣጥለው ጋዝም ይኸው ነው። ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1776 የሐይቅ ዳር ጭቃ በእንጨት እየቆሰቆሰ የሚወጣውን ጋዝ ሰብስቦ እንደሚቀጣጠል አሳይቷል።

እዚህ ላይ ሊጡና ደለሉ የሚለያዩበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። ሊጥ ውስጥ አሲዱን የሚበላው ስለሌለ ይከማቻል፤ ስለዚህ ይኮመጥጣል። ጤነኛ ደለል ውስጥ ግን አሲዱ እንደተሠራ ወዲያው ይበላል። ስለዚህ በጭቃው ውስጥ ባለው ውሃ የአሴቲክ አሲድ መጠን ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው፤ በሊትር ከጥቂት እስከ ጥቂት አሥር ማይክሮ ሞል። አሲዱ በድንገት በዝቶ ከተገኘ ሁለት ትርጉም ይኖረዋል። ወይ አዲስ ምግብ በብዛት ገብቷል፣ ወይ የሚበሉት ተሕዋስያን ሥራቸውን አቁመዋል። ሦስተኛም አለ፤ ናሙናው ቆሽሿል። ወደዚህ ሦስተኛው በኋላ እንመለስበታለን።

ለምን ይለካል?

አንደኛው ምክንያት አየር ንብረት ነው። ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት፣ ክብደት ለክብደት ሲነጻጸር፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 27 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። አዲስ የተሞላ ግድብ ሥር የሰጠመ ዕፅዋት ሲበሰብስ፣ ወይም እምቦጭ ሞቶ ወደ ታች ሲወርድ ከሥሩ ምን እንደሚወጣ ማወቅ የግድ ነው።

ሁለተኛው ደኅንነት ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 1986 በካሜሩን ኒዮስ ከሚባለው ሐይቅ በድንገት የወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,700 ያህል ሰዎችን በአንድ ሌሊት ገድሏል። ይህን ታሪክ የሰማ ሰው «የኛስ ጣና?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሱ ግን የሚያረጋጋ ነው። ኒዮስ ከ200 ሜትር በላይ ጥልቀት ስላለው ከታች ያለው ከፍተኛ ግፊት ብዙ ጋዝ አምቆ መያዝ ችሏል፤ ጋዙም ከእሳተ ገሞራ ሥር የሚመጣ ነበር። የጣና ጥልቀት ግን 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ነፋስም ያማስለዋል። የኒዮስን ዓይነት ክምችት የሚይዝበት ጥልቀት የለውም። ጋዜጠኛ ይህን ልዩነት ካላወቀ ሕዝብን በከንቱ ያስደነግጣል።

ሦስተኛው ታሪክ ነው። እነ ሄንሪ ላምብ ከኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጋር ሆነው የጣናን ደለል ቆፍረው ባጠኑት፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመው ጥናት፣ ጣና ከ18,700 እስከ 16,700 ዓመታት በፊት ባለው ዘመን ደርቆ እንደነበር አሳይተዋል። ይገርማል! ይህንን ያወቁት በደለሉ ውስጥ ከቀሩ ምልክቶች ነው። ልብ በሉ፤ እነዚያ ምልክቶች 17,000 ዓመት ቁጭ ብለው ጠብቀዋል። ጋዝ ግን እንዲህ አይጠብቅም። ጭቃው ከውሃው ከወጣ በኋላ 17 ደቂቃ እንኳ አይታገሥም። የሁለቱ ልኬቶች ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ለመሆኑ ክሮማቶግራፊ ምንድን ነው?

ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር በእግር የሚሄዱ አምስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ተነሱ እንበል። አንደኛው እንግዳ ነው፤ ማንንም ስለማያውቅ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሁለተኛው ሁለት ዘመድ አለው፤ እየቆመ ሰላም ይላል። አምስተኛው ደግሞ በየደጁ የሚያውቀው አለ፤ «እንደምን ዋላችሁ? ከብቱ፣ ልጁ፣ አዝመራው ደህና?» እያለ፣ ቡና ጠጣ እየተባለ ይዘገያል። እኩል ተነሱ፤ ግን አንድ በአንድ ተለያይተው ደረሱ። ዘመድ የበዛበት መጨረሻ ይደርሳል።

ክሮማቶግራፊ እንዲሁ ነው። የተደባለቀው ናሙና ረጅም ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ ቱቦውን ባለሙያዎቹ ኮለምን ይሉታል። የሚገፋው ነገር ጋዝ ከሆነ (ለምሳሌ ሂሊየም ወይም ናይትሮጅን) ጋዝ ክሮማቶግራፊ፣ ፈሳሽ ከሆነ ፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ይባላል። በቱቦው ውስጥ ያለው ነገር አንዱን ንጥረ ነገር ብዙ ያቆየዋል፤ ሌላውን ቶሎ ይለቀዋል። እያንዳንዱ በራሱ ሰዓት ሲወጣ በሩ ላይ የቆመው ዲቴክተር ይመዘግበዋል። በወረቀቱ ወይም በኮምፒዩተሩ ላይ የሚታየው ተራ በተራ የቆሙ ኮረብታዎች ነው። ኮረብታው የወጣበት ሰዓት «ማነው?» ለሚለው፣ የኮረብታው ስፋት ደግሞ «ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል።

ዘዴውን የጀመረው ሚካኤል ጽቬት የሚባል ሩሲያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ዋርሶ ውስጥ ሲሠራ የቅጠልን አረንጓዴ ጭማቂ በጠመኔ ዱቄት በተሞላ ቱቦ ውስጥ ቢያሳልፈው አረንጓዴውና ቢጫው ለየብቻ ቀለበት ሠርተው አገኛቸው። እ.ኤ.አ. በ1906 «ክሮማቶግራፊ» ብሎ ሰየመው፤ በግሪክኛ «በቀለም መጻፍ» እንደማለት ነው። የጋዙ ዘዴ የመጣው ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ጄምስና ማርቲን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ባወጡት ጽሑፍ አንደኛ የለዩት ምን ይመስላችኋል? እነዚህኑ ተናኝ አሲዶች፤ ማለትም አሴቲክ አሲድንና ዘመዶቹን። የኛ ርዕስ ከማሽኑ ጋር አብሮ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

ዲቴክተሩም ዓይነት ዓይነት አለው። በትንሽ የሃይድሮጅን ነበልባል የሚሠራው ሚቴንን በጣም ጥሩ አድርጎ ያያል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ግን አያየውም። ለሱ ሙቀት የማስተላለፍ ልዩነትን የሚለካው ሌላኛው ዲቴክተር ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ ዘገባ «በነበልባል ዲቴክተር ብቻ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተለካ» ካለ፣ ጋዙን አስቀድሞ ወደ ሚቴን የሚለውጥ ተጨማሪ መሣሪያ መኖሩን መጠየቅ ነው።

ረግረጉ ዳር ምን ይደረጋል?

ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ይከናወናል።

1ኛ. ሁለቱም ጫፉ ክፍት የሆነ የፕላስቲክ ቱቦ በቀስታ ወደ ጭቃው ይገፋና ከላይ ተደፍኖ ቀጥ እንዳለ ይወጣል። ከተናወጠ ያ ሁሉ ጋዝ በአረፋ ያመልጣል።

2ኛ. አፉ የተቆረጠ ሲሪንጅ ተይዞ ከየጥልቀቱ 5 ሚሊ ሊትር ጭቃ ይወሰዳል። ይህ እዚያው ረግረጉ ዳር መሆን አለበት። ቱቦውን እንዳለ መኪና ላይ ጭኖ በዚያ ኮረኮንች ደባርቅ፣ ዳባት፣ ጎንደር ድረስ መውሰድ ጠላ በክፍት ማሰሮ በበቅሎ እንደመጫን ነው።

3ኛ. ጭቃው 30 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። ብልቃጡ ውስጥ አስቀድሞ 10 ሚሊ ሊትር፣ ጨው እስኪበቃው የጠገበ ውሃ አለ። ጨው ሁለት ጥቅም አለው፤ ተሕዋስያኑን ያስቆማል፣ ጋዙንም ከውሃው አስወጥቶ ወደ ላይኛው ባዶ ቦታ ይገፋዋል። አንዳንዶች በጨው ፋንታ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያደርጋሉ። ለሚቴን ጥሩ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ግን ውሃው ውስጥ ያስረዋል፤ ሁለቱንም የሚፈልግ ሰው በዚህ መንገድ አይሆንለትም።

4ኛ. ብልቃጡ በወፍራም የጎማ ክዳን ተደፍኖ በአሉሚኒየም ቆብ ይታሸጋል፤ ይናጣል፤ ተዘቅዝቆ ይቀመጣል። የታሸገበት ሰዓት፣ የአየሩ ሙቀትና የአየሩ ግፊት በማስታወሻ ይሰፍራል።

5ኛ. ጭቃ ያልገባበት፣ ግን ሌላው ሁሉ የተደረገበት «ባዶ ናሙና» አብሮ ይታሸጋል። አየሩ ራሱ ከሚሊዮን 1.9 እጅ ገደማ ሚቴን ስላለው ይህ ተቀናሽ መሆን አለበት። ከአንድ ቦታ ደግሞ አንድ ሳይሆን ሦስት ብልቃጥ ይሞላል፤ ሦስቱ ካልተቀራረቡ ነገሩ አላስተማመነም ማለት ነው።

ቤተ ሙከራ ሲደርስ በመርፌ ከላይኛው ባዶ ቦታ ጥቂት ጋዝ ተቀድቶ ወደ ማሽኑ ይገባል። ማሽኑ አስቀድሞ መጠኑ በታወቀ ጋዝ መፈተን አለበት፤ ይህ ስታንዳርድ ይባላል። መብራት ጠፍቶ ከመጣ ደግሞ ምድጃው እስኪረጋጋ ተጠብቆ ስታንዳርዱ እንደገና ይገባል። ጠዋት የተፈተነ ሚዛን ከሰዓት በኋላም ልክ ነው ብሎ ማመን አይቻልም።

የደጋው ነገር

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር መጣን። የደጋ ሰው ባቄላና አተር ቶሎ እንደማይበስል ያውቃል። ምክንያቱ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃው ገና በ90 ዲግሪ ገደማ መፍላቱ ነው። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን በ3,000 ሜትር ከፍታ 70 ገደማ ነው፤ በጎንደር ከተማ ከፍታ ደግሞ 78 ገደማ። ባቄላውን ያስቸገረው ግፊት ስሌቱንም ያስቸግራል።

በምሳሌ እንየው። ይህ ለትምህርት የተሠራ ስሌት እንጂ ከረግረግ የተለካ ውጤት አይደለም። ብልቃጡ ውስጥ 5 ሚሊ ሊትር ጭቃ፣ 10 ሚሊ ሊትር የጨው ውሃ፣ 15 ሚሊ ሊትር ባዶ ቦታ አለ። ማሽኑ «ከባዶው ቦታ ጋዝ 1 በመቶው ሚቴን ነው» አለ። ብልቃጡ የታሸገው በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ70 ኪሎ ፓስካል ነው። በጋዝ ሕግ ሲሰላ ባዶው ቦታ ውስጥ በጠቅላላው 438 ማይክሮ ሞል ጋዝ አለ፤ 1 በመቶው 4.4 ማይክሮ ሞል ነው። ጭቃው አራት አምስተኛው ውሃ ቢሆን 4 ሚሊ ሊትር ውሃ አለው። ስለዚህ ሚቴኑ በሊትር 1.1 ሚሊ ሞል ይሆናል።

አሁን ሌላ ሰው ያንኑ ወረቀት ይዞ፣ ከፍታውን ሳያይ፣ በመጽሐፍ ያገኘውን 101 ኪሎ ፓስካል ቢያስገባስ? ውጤቱ 1.6 ሚሊ ሞል ይወጣለታል። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ ጭቃውም ያው ነው፤ ቁጥሩ ግን በ45 በመቶ ገደማ አበጠ። በ15 ዲግሪ፣ በ3,000 ሜትር ከፍታ ግፊት፣ ውሃ ሟሙቶ ሊይዝ የሚችለው ሚቴን በሊትር 1.2 ሚሊ ሞል ገደማ ነው፤ ከጭቃው በላይ ያለው ጥልቀት የሌለው ውሃ የሚጨምርለት ጥቂት ነው። 1.1 ማለት «ሞልቷል፤ ግን ገና አልፈላም» ማለት ነው። 1.6 ማለት ደግሞ «ከሚችለው በላይ ስለያዘ ወደ አየር እየተንፈቀፈቀ ነው» የሚል ትርጉም ይሰጣል። አየህ፣ አንድ ያልተጻፈ የግፊት ቁጥር ዜናውን ከሥሩ ለወጠው።

ሌላ ወጥመድም አለ። በ70 ኪሎ ፓስካል የታሸገ ብልቃጥ ጎንደር ወርዶ በ78 ኪሎ ፓስካል አየር ውስጥ መርፌ ሲወጋበት የውጭውን አየር ይስባል። ሙቀቱን ሳንቆጥር አንድ አሥረኛ ገደማ አየር ይገባና ናሙናው ይቀጥናል፤ ቁጥሩም ይቀንሳል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከመወጋቱ በፊት መጠኑ የታወቀ ናይትሮጅን ይጨመርና ውስጡ ከውጭው በልጦ ይቀመጣል፤ የተጨመረውም በስሌት ይታረማል። ቀላል ነው፤ ግን ካልታሰበበት ማንም አያደርገውም።

አሲዶቹስ?

ኦርጋኒክ አሲዱ የሚለካው በጭቃው መካከል ባለው ውሃ ነው። ጭቃው በሚያሽከረክር ማሽን (ሴንትሪፊዩጅ) ይጠለላል፤ ውሃው በጣም ደቃቅ በሆነ ማጣሪያ ያልፋል፤ ወዲያው ካልተለካ ይቀዘቅዛል። ካልቀዘቀዘ ተሕዋስያኑ በመንገድ ላይ እየበሉት ይሄዳሉ። ከዚያ ብዙ ጊዜ በፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ይለያል፤ የሚገፋው ፈሳሽ በጣም የቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። በተለመደው ኮለምን ላክቲክ ይቀድማል፣ ፎርሚክ ይከተላል፣ ከዚያ አሴቲክ፣ ፕሮፒዮኒክ፣ ቡቲሪክ እያለ ይወጣል።

የአሲድ ችግር ከጋዝ ችግር ተቃራኒ ነው። ጋዝ ያመልጣል፤ አሲድ ደግሞ ከውጭ ይገባል። በሊትር 20 ማይክሮ ሞል አሴቲክ አሲድ ማለት በሊትር 1.2 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ሰላጣ ላይ ከምናደርገው አቼቶ አንድ ጠብታ 2.5 ሚሊ ግራም ገደማ አሴቲክ አሲድ አለው። ይህም በሁለት ሊትር የረግረግ ውሃ ውስጥ ካለው ይበልጣል! ላክቲክ አሲድ ደግሞ በእጃችን ላብ ውስጥ አለ። ስለዚህ ያለ ጓንት የተነካ ማጣሪያ፣ በደንብ ያልታጠበ ቱቦ፣ የራሱን «ብክለት» ይዞ ይመጣል። በአሲድ ልኬት ውስጥ ባዶ ናሙናው ከሌለ ቁጥሩ ከጭቃው ይሁን ከሰውየው እጅ መለየት አይቻልም።

ቁጥር ሰው ላይ ሲያርፍ

«ታዲያ ትንሽ ቢሳሳት ምን ይሆናል? ጭቃ ነው» የሚል አይጠፋም። በሰሜን ተራሮች እንዲህ ማለት አይቻልም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ በ2017 ወጣ። በመሃል በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ ከ200 በላይ አባወራዎች፣ ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ሠፍረዋል። ከክርክሮቹ አንዱ ግጦሽ ነበር። ስለዚህ በዚያ አገር ስለ ሣር፣ ስለ ከብትና ስለ ውሃ የሚጻፍ ቁጥር ከወረቀት ላይ ተነስቶ ሰው ደጅ ይደርሳል።

እስቲ አስቡት። ነገ አንድ ዘገባ «በአምባራስ ረግረግ የአሴቲክ አሲድ መጠን አሻቀበ፤ ምክንያቱ የከብት እበት ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ ያ አሲድ ግን ካልታጠበ ቱቦ የመጣ ቢሆን፣ ዱላው የሚያርፈው በእረኛው ላይ ነው። በተቃራኒው ደግሞ እውነተኛ ብክለት ኖሮ ናሙናው መንገድ ላይ ተበልቶ «ምንም የለም» ቢባል፣ ከታች ያንን ውሃ የሚጠጣው ሰው ይጎዳል። እረኛውም ሆነ ውሃ ቀጂዋ ቤተ ሙከራ ገብተው «ባዶ ናሙና ነበራችሁ?» ብለው መጠየቅ አይችሉም። እኛ ግን እንችላለን፤ ሥራችንም እሱ ነው።

ለማስታወሻ ደብተራችሁ

ስለ ደለል ጋዝ ወይም አሲድ የሚናገር ቁጥር ሲያጋጥማችሁ እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች ጠይቁ፦

- ናሙናው ከየት፣ ከስንት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በየትኛው ወር ተወሰደ? የክረምትና የበጋ ረግረግ አንድ አይደለም።
- ጭቃው ከውሃው ከወጣ በኋላ በስንት ደቂቃ ታሸገ? በምንስ ተጠበቀ?
- በታሸገበት ቦታ ግፊቱና ሙቀቱ ተመዝግቧል? ስሌቱስ በዚያ ነው የተሠራው?
- ባዶ ናሙና ነበር? ስንት ወጣበት?
- ከአንድ ቦታ ስንት ናሙና ተለካ? በመካከላቸው ያለው ልዩነትስ ስንት ነው?
- ማሽኑ በምን ስታንዳርድ፣ መቼ ተፈተነ?

እነዚህን ለመጠየቅ ኬሚስት መሆን አያስፈልግም። ጥሩ ተመራማሪ ሲጠየቅ አይቆጣም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል፤ ምክንያቱም መልሱ ሁሉ ደብተሩ ላይ አለ። ስድስቱም መልስ ካላቸው ቁጥሩን በልበ ሙሉነት ጻፉት። ሁለቱ ወይም ሦስቱ መልስ ከሌላቸው ቁጥሩን ከነጉድለቱ ጻፉት፤ «የአየር ግፊቱ አልተመዘገበም» ብሎ አንድ መስመር መጨመር ቦታ አያጣብብም። አንዱም መልስ ከሌለው ደግሞ ርዕስ አታድርጉት።

ማሽኑ ውድ ነው፤ ጎማ ክዳንና እርሳስ ግን ርካሽ ናቸው። ከአምባራስ ረግረግ ትክክለኛ ቁጥር ይዞ ለመውረድ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ቀድሞ የሚያስፈልገው ግን ርካሹ ነው። ቸር ወሬ ያሰማን!